መጽሐፍ መግዛትና መጽሐፍ መጠበቅ በጂቡቲ ከተማ

የጂቡቲ ከተማ ስም ሲነሣ በሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው ወደቧና የምድር ባቡሯ ነው። በ1897 ዓ.ም. መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ጨርቅና ብረት፣ ከኢትዮጵያም የሚወጣው ቡናና ቆዳ በዚህች ከተማ በኩል ሲመላለስ ኖሯል። ከዚህ ሁሉ ጭነት መካከል መጽሐፍ አንዱ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ሰው ነው። መጽሐፍም እንደ ሌላው ዕቃ በመርከብ ይመጣል፤ በጉምሩክ ይፈተሻል፤ ዋጋው በውጭ አገር ገንዘብ ይከፈላል፤ ሙቀትና እርጥበትም ያበላሸዋል። ከሌላው ዕቃ የሚለይበት ነገር ቢኖር፣ ሲሚንቶ ከየትኛውም ፋብሪካ ቢገዛ ሲሚንቶ ሲሆን፣ መምህሩ ያዘዘው መጽሐፍ ግን በሌላ መጽሐፍ የማይተካ መሆኑ ነው።

ጂቡቲ በ1977 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ በአገሩ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው ባሕር ተሻግሮ፣ ይልቁንም ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አንድ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2006 ይኸው አድጎ የጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የሕክምና ትምህርት ክፍል ተከፈተ። ወጣቱ በአገሩ፣ በወላጆቹ ዘንድ ሆኖ እንዲማር መደረጉ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቀድሞ ወደ ፈረንሳይ የሄደው ልጅ በዚያ በመቶ ዓመታት የተከማቸውን የመጻሕፍት ሀብት ያለ ድካም ይጠቀምበት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ተማሪው በአገሩ ሲቀር መምህር ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል፤ የመቶ ዓመቱ ክምችት ግን አይመጣም። አንድ በአንድ ተመርጦ፣ ተገዝቶ፣ ተጓጕዞ፣ ተመዝግቦ በመደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። የዐቃቤ መጻሕፍቱ ሥራ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ቀዳሚው ጭንቀት የገንዘብ ነው፤ የገንዘብ ማነስ ብቻ ግን አይደለም። የጂቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ያህል ሆኖ ጸንቶ ይገኛል። ለነጋዴው ይህ ጽናት በረከት ነው። የዩኒቨርሲቲው ዋና የትምህርት ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ ስለ ሆነ መጽሐፉ በአብዛኛው የሚገዛው በዩሮ ነው፤ ዩሮና ዶላር ደግሞ እንደ ሚዛን ሁለት ክንድ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. አንድ ዩሮ 85 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል የሚያወጣበት ጊዜ ነበር፤ በ2008 አጋማሽ ወደ 1 ዶላር ከ60 ደረሰ። እንግዲህ 50 ዩሮ የተጻፈበት አንድ የሕግ መጽሐፍ በመጀመሪያው ጊዜ 7,550 ፍራንክ ገደማ፣ በሁለተኛው ጊዜ 14,200 ፍራንክ ገደማ የሚከፈልበት ነበር። መጽሐፉ ያው ነው፤ አንድ ገጽም አልተጨመረበትም። ይህን የማያውቅ የሒሳብ ሹም፣ «ባለፈው በዚህ ገንዘብ መቶ መጽሐፍ ተገዝቶ ነበር፤ አሁን ስለ ምን ሃምሳ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ መልሱን የሚያስረዳው ሰው ግን መጽሐፍ መምረጡን ትቶ የገንዘብ ምንዛሪ ሊቅ መሆን ግድ ይሆንበታል።

የጎረቤት ነገር ከዚህ የሚብስ እንጂ የሚሻል አይደለም። በኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተወሰነ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ 50 ዶላር የሚያወጣው መጽሐፍም ከ2,850 ብር ተነሥቶ ከ5,000 ብር አለፈ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዩኔስኮ በ1948 የመጻሕፍት መግዣ ኩፖን ያቋቋመው፣ ጠንካራ ገንዘብ የሌላቸው አገሮች በራሳቸው ገንዘብ ከፍለው ከውጭ መጽሐፍ እንዲያገኙ በማሰብ ነበር። በ1950 በፍሎሬንስ የጸደቀው ስምምነት ደግሞ መጻሕፍት ድንበር ሲሻገሩ የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይከፈልባቸው የሚያዝዝ ነው። ቀረጥ ቢነሣም ግን የማከማቻ ኪራይ፣ የአስተላላፊ ዋጋና የወረቀቱ ምልልስ ይቀራል፤ መጽሐፍ ደግሞ ከባድ ዕቃ ነው፤ በአውሮፕላን ቢመጣ የጭነቱ ዋጋ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ።

በመርከብ ይምጣ ቢባል ጊዜው ያስጨንቃል። የበጀት ዓመቱ የሚጀመረው በኤውሮጳ አዲስ ዓመት፣ የትምህርቱ ዓመት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። መምህራኑ የሚያስፈልጋቸውን መጽሐፍ ዝርዝር የሚሰጡት ትምህርት ሲጀመር ነው፤ በዚያ ጊዜ የዓመቱ ገንዘብ ወይ ዐልቋል ወይም ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። አዲሱ ገንዘብ እስኪፈቀድ ይጠበቃል፤ ትእዛዙ ይላካል፤ ከማርሴይ የሚነሣው መርከብ በስዌዝ ቦይና በባብ ኤል መንደብ አልፎ እስኪደርስ ይጠበቃል። በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት በተጀመረ ጊዜ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ይህን መንገድ ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው መሄድን መረጡ። እንዲህ ባለው ጊዜ ለመጀመሪያው መንፈቅ የታዘዘ መጽሐፍ ፈተናው ካለፈ በኋላ ቢደርስ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ለሚመጣው ዓመት ተማሪ ይጠቅማል፤ ላዘዘው ተማሪ ግን ምን ዋጋ አለው?

የመንግሥት ገንዘብ በጨረታ እንዲወጣ የሚያስገድደው ሥርዐትም፣ ለመልካም ነገር የታሰበ ሲሆን፣ ለመጽሐፍ ግዥ ፈጽሞ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ጨረታ የሚጠቅመው አንዱን ዕቃ ብዙ ነጋዴዎች ሲያቀርቡት ነው። አንድ መጽሐፍ ግን አሳታሚው አንድ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ተወስኗል። ፈረንሳይማ ከ1981 ጀምሮ በአገሯ ውስጥ የአዲስ መጽሐፍ መሸጫ ዋጋ በሕግ አንድ እንዲሆን አድርጋለች። ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ያሸነፈ ነጋዴ ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል ቢባል፣ አዲሱን እትም ትቶ የቆየውን ከማምጣት፣ ወይም ከዝርዝሩ በቀላሉ የሚገኘውን ብቻ አቅርቦ የቀረውን «ከገበያ ጠፍቷል» ከማለት ነው። በአዲስ አበባም በሌላም ከተማ መጽሐፍ የገዛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በዚህ ስፍራ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ቀድሞ በአሰብ ይገባ የነበረው የኢትዮጵያ ዕቃ በአብዛኛው ወደ ጂቡቲ ዞሯል። በዚያው ዘመን በ1990ዎቹ በጣት የሚቈጠሩ የነበሩት የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ለእነዚህ ሁሉ በባሕር የሚላከው መጽሐፍ፣ የተገዛውም የተለገሰውም፣ በኮንቴይነር ተዘግቶ በጂቡቲ ወደብ ይራገፍና በከተማዋ ዳር አልፎ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይጓዛል። መጽሐፍ ያጣ የከተማው ተማሪ በደጁ የሚያልፈውን መጽሐፍ አያየውም። ቢያየውም እንግሊዝኛ ነው፤ እርሱ የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው።

የቋንቋው ነገር ራሱን የቻለ ሸክም ነው። የአገሩ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በየቤቱ የሚነገሩት ሱማሌኛና አፋርኛ ናቸው፤ የሳይንስና የወደብ ንግድ ጽሑፍ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ እየተሳበ ነው። አንድ ትንሽ በጀት በአራትና በአምስት ቋንቋ ተከፍሎ እንዴት ይበቃል? ብልሃተኛ መራጭ ለመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ፈረንሳይኛውን፣ ለመጨረሻው ዓመትና ለተመራማሪው እንግሊዝኛውን ሊገዛ ይችላል፤ ዓረብኛው ከካይሮና ከቤይሩት በቅናሽ ይገኛል። በሱማሌኛና በአፋርኛ የሚታተመው ግን በየትም አሳታሚ ዝርዝር አይገኝም፤ በጥቂት ቅጂ ይታተማል፤ በእጅ ለእጅ ይሸጣል፤ በሦስተኛው ወር አይገኝም። እርሱን ለማግኘት ካታሎግ ማገላበጥ ሳይሆን ከወንበር ተነሥቶ ገበያ መዞር ያስፈልጋል።

የአገሩ ሰው ስለ አገሩ የጻፈውን ለመግዛት እንኳ ባሕር መሻገር ግድ ነው። በ1965 በጂቡቲ ከተማ የተወለደው ደራሲ አብዱራህማን ዋበሪ «ጥላ የሌለው አገር» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1994 ያሳተመው በፓሪስ ነው። በኅዳር 1978 በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜም የኤውሮጳ ሊቃውንት ወደ ስፍራው ጐረፉ፤ የጻፉት ጥናት ግን በአብዛኛው የወጣው በኤውሮጳና በአሜሪካ መጽሔቶች ነው። ፍንዳታው ከደረሰበት ቦታ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚማር የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ስለ ራሱ ምድር የተጻፈውን ለማንበብ አንዱን ጽሑፍ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ክፈል ይባላል።

ይህን ቀንበር ለማቅለል የተደረገ ነገር የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ከፍቷል፤ ለድሆች አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በኢንተርኔት በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ያቀርባል። ለእርሻ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለሌላውም ትምህርት ተመሳሳይ አገልግሎቶች ተከትለውታል። የባሕር ሥር የመገናኛ ገመዶች ከእስያና ከኤውሮጳ መጥተው በጂቡቲ ጠረፍ ላይ ስለሚወጡም፣ በዚህ ረገድ ከተማዋ ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች የተሻለ ቦታ ላይ ትገኛለች። ችግሩ በኢንተርኔት የሚመጣው መጽሔት የሚገዛ ሳይሆን የሚከራይ መሆኑ ነው። በወረቀት የተገዛ መጽሔት ምዝገባው ቢቋረጥ የቀደሙት ዓመታት በመደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፤ በኪራይ የተገኘው ግን ክፍያው ወይም ችሮታው የቆመ ዕለት ከነታሪኩ ሊጠፋ ይችላል። አገሩ በሀብት ከፍ ያለ ዕለት በነጻ የተሰጠው ይነሣበታል፤ ይህም የኑሮ መሻሻል ቅጣት የሚሆንበት አንድ ልዩ አጋጣሚ ነው።

ስለ ስጦታ ከተነሣ ግልጽ መናገር ይሻላል። ከባሕር ማዶ የሚላኩ የመጻሕፍት ሣጥኖች ብዙ ትምህርት ቤቶችን ጠቅመዋል፤ በ1954 የተጀመረውና ዛሬ ቡክ ኤይድ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት ሌሎች እንዳያደርጉት የሚመኘውን ስሕተት አውቆ ተቀባዩ የሚፈልገውን መርጦ ይልካል። ሁሉ ግን እንዲህ አያደርግም። በኤውሮጳ የሚገኝ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያውን ሲያጸዳ የሚያወጣውን የ1980ዎች የኮምፒዩተር መማሪያ፣ ዘመኑ ያለፈበትን የግብር ሕግ፣ ከስድስት ቅጽ ሦስቱ የጐደለ መዝገበ ዕውቀት ወደ አፍሪካ ቢልክ ለራሱ የመጣያ ዋጋ ያተርፋል። ተቀባዩ የወደብ ወጪ ይከፍላል፤ ሣጥን ይከፍታል፤ ይመዘግባል፤ ቦታ ይሰጣል። እንቢ ለማለትም ያፍራል፤ የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም ይባላልና። ደፋር ዐቃቤ መጻሕፍት ግን ጥርሱን ማየት አለበት፤ ሣጥኑ ከመነሣቱ በፊት ዝርዝሩ እንዲላክለት ጠይቆ የሚፈልገውን ብቻ ምልክት ቢያደርግ ለጋሹንም አላዋረደም፣ ተማሪውንም አልበደለም።

የተገዛው ሁሉ ይነበባል ማለትም አይደለም። በአሜሪካ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አለን ኬንት የመሩትና በ1979 የታተመው ጥናት፣ በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት ከመቶው 40 ያህሉ እስከ 1975 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት እንዳልወጡ አሳይቶ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ለሀብታም ዩኒቨርሲቲ ይህ ኪሳራ ሳይሆን የነገ ስንቅ ነው ሊባል ይችላል። ለትንሽ በጀት ግን ከመቶው አርባ ማለት የአንድ የትምህርት ክፍል ሙሉ ድርሻ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ልዩ ልዩ መጽሐፍ ከመግዛትና መላው ክፍል የሚሻማበትን አንድ መማሪያ በሃምሳ ቅጂ ከመግዛት የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። መምህሩ የመጀመሪያውን፣ ተማሪው ሁለተኛውን ይወዳል። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ለመግዛት በማይችሉበት አገር የተማሪው ድምፅ ቢበልጥ ተገቢ ነው።

አሁን መጽሐፉ ደረሰ፣ ተመዘገበ እንበል። ሙቀቱ ይጠብቀዋል። የምጽዋን በጋ የቀመሰ ሰው የጂቡቲን በጋ ለመገመት አይቸገርም፤ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ይከብዳል። ጠበብት ለወረቀት የሚመክሩት 20 ዲግሪ ገደማ የሆነ ቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ነው። ሙቀቱ ዐሥር ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የወረቀቱ እርጅና በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጥናል፤ የአየሩ እርጥበት ከመቶው 65 ሲያልፍ ሻጋታ ይበቅላል፤ ብልና ምስጥም ይህንኑ ይወዳሉ። አባቶቻችን ይህን ያለ መሣሪያ ያወቁት ይመስላል፤ ከባሕሩ ጠረፍ በላይ በተራራ ራስ ላይ ባለው በደብረ ቢዘን ገዳም የብራና መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠበቁት ብራናው ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን የደጋው አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነም ነው።

በጠረፍ ያለ ቤተ መጻሕፍት ግን ደጋውን በኤሌክትሪክ መግዛት አለበት። ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መሥመር ለከተማዋ ታላቅ እፎይታ ሰጥቷል፤ ቢሆንም ማቀዝቀዣን ሌሊትና ቀን ማንቀሳቀስ ከመጻሕፍት መግዣው ገንዘብ ጋር የሚሻማ ወጪ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ማቀዝቀዣውን ጧት ከፍቶ ማታ መዝጋት፣ ዐርብና በዓል ማጥፋት፣ የተጠቀመ እየመሰለ ይጐዳል። አየሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቍጥር ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ይተፋል፤ በዚህ ምልልስ ይደክማል። የፈረንሳይ አሳታሚዎች መጽሐፍን በአብዛኛው የሚያወጡት በስፌት ሳይሆን በሙጫ ተጣብቆ በስስ ሽፋን ነው፤ ሙጫው በተማሪው ቤት ሙቀት ይለሰልሳል፣ በቀዝቃዛው አዳራሽ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቅና ገጹ እንደ ቅጠል ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ የሚነበበውን መጽሐፍ ገና ሳይቀደድ በጠንካራ ሽፋን ማስጠረዝ፣ መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ከመግዛት ይረክሳል። ዝናም በማይታወቅበት ከተማ ውኃን መፍራት የሚያስቅ ቢመስልም፣ በኅዳር 2019 በጥቂት ቀናት ውስጥ የሁለት ዓመት ያህል ዝናም ወርዶ ጐዳናው ሁሉ ባሕር ሆኖ ነበር፤ መጽሐፍን ከወለል በላይ ባለው መደርደሪያ እንጂ በምድር ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ከመግዛት ይልቅ የሚከብደው ግን ማስወገድ ነው። ህንዳዊው ራንጋናታን በ1931 ባወጣቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች የመጨረሻው፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ፍጡር ነው ይላል፤ የሚያድግ ፍጡር ደግሞ የሞተውን ከላዩ ይጥላል። የመድኃኒት መጠን የሚያስተምር የሃያ ዓመት መጽሐፍ በሐኪም ተማሪ እጅ ቢገባ አደጋ ነው። በየዓመቱ የሚታደሰው የፈረንሳይ የሕግ መድበልም የአምና እትሙ ዘንድሮ ያሳስታል፤ ያም ሆኖ ጂቡቲ የራሷ ሕጎች ስላሏት፣ ለምሳሌ በ2002 የወጣውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዲሱ የፈረንሳይ መድበል እንኳ የአገሩን ዳኛ ሁሉን አይመልስለትም። ይሁን እንጂ መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት ተብሎ በመዝገብ ከገባ ለማውጣት ኮሚቴ፣ ፊርማና ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ የጠፋው ወንበርና ዘመኑ ያለፈበት መጽሐፍ በአንድ ዐይን ይታያሉ። ከዚህ የተነሣ ዐቃቤ መጻሕፍቱ ዝም ይላል፤ መደርደሪያው ይሞላል፤ አዲሱ መጽሐፍ በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

በመዝገብ አያያዙም ቀላል የሚመስል ብዙ ሰዓት የሚበላ ነገር አለ፤ ይኸውም የሰው ስም ነው። የሱማሌና የአፋር ሰው እንደ ኢትዮጵያዊው ሁሉ የሚጠራው በራሱ ስም ሆኖ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል። የፈረንጅ መዝገብ ግን የቤተ ሰብ ስም ፈልጎ የመጨረሻውን ያስቀድማል፤ በዚህም ሥርዐት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በ«ኅሩይ» ሳይሆን በ«ሥላሴ» ሥር መፈለግ ሊመጣ ነው። እርሳቸው ራሳቸው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት በካታሎግ ያዘጋጁ ሰው ነበሩና፣ ቢያዩት ምን ባሉ ነበር! በጂቡቲ የአጻጻፉ ልዩነት ይጨመርበታል፤ ዑመር የሚለው ስም በፈረንሳይኛ በ«ኦ» ፊደል ሲጀመር፣ በ1972 በተወሰነው የሱማሌኛ ጽሕፈት በ«ሲ» ይጀመራል። ሁለቱን የሚያገናኝ መጠቈሚያ ካልተደረገ አንዱ ደራሲ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀመጣል።

በገንዘብ የማይገዛው ክምችት የመጨረሻውና ምናልባትም ዋናው ነው። የአገሩ ይፋ ጋዜጣ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የወደብና የውኃ ጥናት፣ የሽማግሌዎች ቃል በቴፕ የተቀዳበት፣ እነዚህ ሁሉ በየቢሮው መሳቢያ ተበትነው ይገኛሉ፤ ሹሙ ሲለወጥ ይጣላሉ። በአዲስ አበባ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዐቃቤ መጻሕፍት የሆኑት የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ እንዲህ ያለውን በአገር ውስጥ የታተመ ወረቀት ተራ ነገር ብለው ሳይንቁ ይሰበስቡት ነበር፤ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ፓሪስና ለንደን የሌለውን ይህንኑ ለማየት ነው። በጂቡቲ ይህ ሥራ ካልተሠራ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ታይቷል። የፈረንሳይ ሱማሌ ጠረፍ በተባለችበት ዘመን የአስተዳደሩ መዛግብት በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ በሚገኘው የቅኝ አገሮች መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። የጂቡቲ የታሪክ ተማሪ የአያቱን መንደር ግብርና ዳኝነት ለማንበብ ፓስፖርት ማውጣት፣ ቪዛ መለመን፣ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት አለበት፤ በዚያ ትኬት ዋጋ ብዙ መጽሐፍ ይገዛ ነበር።